ዘይቱ ወደ ውሃው ነው የገባው ወይስ ውሃው ወደ ዘይቱ?

ከደብረ ብርሃን የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ በናፍጣ የሚሠራ ሚኒባስ አለኝ። ከሸዋ ሮቢት ሰው ጭኜ ስመለስ ጣርማ በር ሳልደርስ ሞቆ ቆመብኝ። የራዲያተሩ ውሃ ማኪያቶ መስሎ ነበር። ሞተሩ ወርዶ ታደሰ። ፒስቶኑ፣ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት)፣ ብሮንዚኑ (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚዞርበት ስስ ማረፊያ)፣ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ብሎክና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ሁሉ ተቀየረ። ሥራ ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ ነው። አሁን ጠዋት የዘይት ክዳኑን ስከፍት ከሥሩ ቢጫ ቅባት የመሰለ ነገር ይዟል። ራዲያተሩ ላይም ዘይት ይንሳፈፋል። መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ግን ንጹሕ ነው። በሳምንት ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ እጨምራለሁ። አይሞቅም፣ ነጭ ጭስም የለውም። አንዱ መካኒክ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው የሞተሩ ራስ) እንደገና ይጥበቅ ይላል። ሌላው ማሸጊያ ፈሳሽ ጨምርበት ይላል። ሦስተኛው ሞተሩ ይውረድ ይላል። ያደሰልኝ ሰው ደግሞ ‹አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲላመድ ይተወዋል› አለኝ። ማንን ልስማ?»

ለጊዜው አራቱንም አትስማ። አራቱም መፍትሔ ነገሩህ እንጂ አንዳቸውም አልለኩልህም። ዘይትና ውሃ ሞተር ውስጥ ሊገናኙ የሚችሉባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የወረደ ሞተር ገንዘብህን በልቶ እንደገና ሊወርድ ይችላል።

ከመጨረሻው ልጀምር። «ሲላመድ ይተወዋል» የሚለው ልክ አይደለም። አዲስ የታደሰ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ዘይት ሊበላ ይችላል። ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመድ ድረስ ይህ ያለ ነገር ነው። የዘይቱና የውሃው መንገድ ግን ሞተሩ ከተነሳባት ደቂቃ ጀምሮ የተለያዩ መሆን አለባቸው። እዚያ ላይ መላመድ የሚባል ነገር የለም።

ይህን ስልህ ግን አትደንግጥ። ከነገርከኝ ምልክቶች ሁለቱ ሊያሳስቱ ይችላሉ።

አንደኛው ክዳኑ ሥር ያየኸው ቢጫ ቅባት ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳዋን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነው የሚያድረው። ናፍጣ ሲቃጠል እንፋሎት ይወጣዋል። ከዚያ ጥቂቱ በፋሻው በኩል ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ክፍል ይወርዳል። የዘይቱ ክዳን ደግሞ ከሞተሩ ቀዝቃዛ ቦታዎች አንዱ ነው። እንፋሎቱ እዚያ ሲደርስ ውሃ ይሆንና ከዘይት ጋር ተመትቶ ቅባት ይሠራል። ከመናኸሪያ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ መናኸሪያ አጭር አጭር ጉዞ ብቻ የሚሄድ መኪና ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ ሞተሩ በደንብ ግሎ እንፋሎቱን አያባርረውም። ስለዚህ ክዳኑን ጥረገው። ሞተሩ በሚገባ ግሎ አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ፣ ሲበርድ እንደገና እየው። ቅባቱ ክዳኑ ላይ ብቻ ከሆነና መለኪያው ንጹሕ ከሆነ ብርዱ ነው። መለኪያው ላይ ከታየ ወይም የዘይቱ መጠን ከፍ እያለ ከሄደ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዘይት በራሱ አይጨምርም።

ሁለተኛው ራዲያተሩ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ነው። ሞተሩ ከመታደሱ በፊት ውሃው ማኪያቶ መስሎ እንደነበር ራስህ ነግረኸኛል። ያ ዘይት የት ሄደ? ሞተሩ ወርዶ ታጥቧል እንበል። ራዲያተሩስ? የውሃው ጎማ ቱቦዎች፣ ማኒኮቶዎቹስ? ትርፍ ውሃ የሚይዘው ዕቃስ? የካቢናው ማሞቂያስ? ሞተር በሥርዓት ታድሶ፣ አሮጌው ራዲያተር ሳይታጠብ ሲገጠም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የራዲያተሩ ቱቦዎች ጠባብ ናቸው፤ ዘይት ይይዛሉ። ከዚያ ለሳምንታት ቀስ እያሉ ይለቁታል። ባለቤቱ «እንደገና ቀላቀለ» ብሎ ይጨነቃል። ያደሰልህን ሰው በቁጣ ሳይሆን በቀጥታ ጠይቀው፦ ራዲያተሩ ታጥቧል ወይስ አልታጠበም?

እኔን ያሳሰበኝ ሦስተኛው ምልክት ነው፤ የሚቀንሰው ውሃ። ከእድሳት በኋላ ሞተሩ ውስጥ የታመቀ አየር ስለሚወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የውሃው መጠን ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን አየር አይደለም። ውሃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ምናልባት ወደ ውጭ ነው። በማኒኮቶ ክላምፕ፣ በውሃ ፖምፓ ሥር፣ በራዲያተሩ ጎን የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ጠባሳ ፈልግ። ውጭ ላይ ምንም ካላገኘህ ወደ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ርዕሱ እንምጣ። ሞተር ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ከውሃው ይበልጣል። መንገድ ላይ ዘይቱ 3 ወይም 4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይደርሳል። ውሃው የራዲያተሩ ክዳን ከሚፈቅድለት አያልፍም፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከ0.9 እስከ 1.1 ባር ነው። ስለዚህ ግፊት ያለበት የዘይት መስመር ከውሃው ጋር ከተገናኘ፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ዘይት ወደ ውሃ ይገፋል። ሞተሩን ስታጠፋው ነገሩ ይገለበጣል። የዘይቱ ግፊት ዜሮ ይሆናል። ውሃው ግን ትኩስ ስለሆነ ግፊቱን ይዞ ይቆያል። ያኔ በዚያችው ቀዳዳ ውሃ ወደ ዘይት ሊገባ ይችላል።

ዘይት ከቴስታታ ወደ ታች በራሱ ክብደት የሚወርድበት መንገድ ደግሞ ግፊት የለውም። ጉዳቱ እዚያ ከሆነ ውሃ ወደ ዘይት ይገባል እንጂ ራዲያተርህ ላይ ዘይት አታይም። ከውሃው ጋር የተገናኘው ናፍጣው የሚቃጠልበት ክፍል ከሆነ ደግሞ ወደ ውሃው የሚገባው የቃጠሎ ጋዝ ነው። ራዲያተሩ ያለማቋረጥ ይፈላ ይመስል አረፋ ይሰጣል። ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ በሁለትና ሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ማኒኮቶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ጠዋት ነጭ ጭስ ይኖራል።

አንተ ከነገርከኝ ይህ የመጨረሻው አይመስልም። ዘይት ውሃው ላይ አለ፣ መለኪያው ንጹሕ ነው፣ ጭስ የለም፣ ሙቀት የለም። እኔ በቅደም ተከተል የምጠረጥረው መጀመሪያ ያልታጠበ ራዲያተር፣ ቀጥሎ ዘይት ማቀዝቀዣው፣ በሦስተኛ ደረጃ ዘይት ወደ ቴስታታ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ጓርኒሲዮን ወይም የቴስታታ ስንጥቅ ነው። ከአራቱ መካኒኮች ዘይት ማቀዝቀዣውን ያነሳ አንድም የለም።

ብዙ የናፍጣ ሞተሮች ዘይት ማቀዝቀዣ አላቸው። በአንድ በኩል ዘይት፣ በሌላ በኩል የሞተሩ ውሃ ያልፍበታል። በመካከላቸው ያለው ስስ ብረት ነው። ሞተር ሲታደስ ይታጠብና ይመለሳል። በግፊት የሚፈትነው ሰው ጥቂት ነው። የማሸጊያ ጎማው እንኳ ሳይቀየር ይገጠማል። ከዓመታት በፊት በዚሁ በደብረ ሲና መስመር የሚሠራ አንድ የጭነት መኪና፣ ቴስታታው ሁለቴ ወርዶ ሁለት አዲስ ጓርኒሲዮን ከገባለት በኋላ ወደ እኔ መጣ። ባለቤቱ ለሦስተኛ ጊዜ ለማውረድ ብር ተበድሮ ነበር። ማቀዝቀዣውን ብቻ አወጣነው። አንዱን ጫፍ ደፍነን፣ በሌላው አየር ሰጥተን፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርነው። እንደ ክር የቀጠነ አረፋ ወጣ። ቴስታታው ምንም አልነበረበትም። ሰውየው አጠገባችን ቆሞ ያችን አረፋ ዝም ብሎ ሲያያት የነበረው ፊቱ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። አንተንም አጥብቄ የምመክርህ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳትህ በፊት አንድ ሌሊት ስጠው። መኪናውን ቀን ከሠራበት በኋላ ሜዳ ቦታ አቁመህ አሳድረው። ጠዋት ሳታስነሳው ከሥሩ ግባና የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ቀስ ብለህ አላላው። አትንቀለው፤ ጠብ ጠብ እስኪል ብቻ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ሌሊቱን ከታች ይተኛል። መጀመሪያ የሚወጣው ዘይት ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ውሃ ወይም የኩላንት (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) ቀለም ያለው ጠብታ ከቀደመ ግን፣ መለኪያው ምንም ያህል ንጹሕ ቢመስልህ ውሃ ገብቷል። ይህ ፈተና የማያሳየው ነገር አለ፤ ከዘይት ጋር ተመትቶ የተዋሃደ ጥቂት ውሃ አይጠልልም። ለእሱ ትንሽ የብረት ድስት በደንብ አግልና ከመለኪያው ጫፍ አንዲት ጠብታ ዘይት ጣልበት። ፀጥ ብሎ ከጨሰ ንጹሕ ነው። ቸስ ቸስ ብሎ ከፈነጠቀ ውሃ አለበት። ዓይንህን ጠብቅ፣ ከልጆችም አርቀህ ሥራው።

የሚቀጥለው ጋራዥ ይፈልጋል። በራዲያተሩ ክዳን ቦታ የሚገጠም፣ ግፊት የሚያሳይ የእጅ ፓምፕ አለ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ድረስ ይነፋል፣ ከዚያ ይጠበቃል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ ረዘም ላለ ጊዜ መተዉን እመርጣለሁ፤ በሳምንት ግማሽ ሊትር የሚወስድ ቀዳዳ በግማሽ ሰዓት ላይታይ ይችላል። መርፌው ከወረደና ውጭ ላይ ጠብታ ከሌለ፣ የዘይቱ ቋት ከሥር ይፈታ። ውስጡን በጨርቅ አድርቁ፣ ግፊቱን እንደያዘ መብራት አብርታችሁ ጠብቁ። ጠብታው ራሱ ቦታውን ይነግርሃል። በፒስቶን ዙሪያ ከወረደ ቴስታታው፣ ጓርኒሲዮኑ ወይም ሲሊንደሩ ነው። ከፊት ከመጣ የውሃ ፖምፓውና የፊት ሽፋኑ ነው። ከጎን ከመጣ ማቀዝቀዣው። ትራክተርና አንዳንድ የጭነት መኪና ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ ሊነራቸው (ፒስቶኑ የሚመላለስበት እጀታ) ውሃው ውስጥ የተቀመጠ ሞተሮች ከሊነሩ ግርጌ የጎማ ቀለበት አላቸው፣ እሱ ከተቆረጠ ውሃው ቀጥታ ወደ ዘይት ይወርዳል። ሞተሩ የታደሰው ቅርብ ጊዜ ከሆነ፣ ሲገጠም የተበላ ቀለበት መጀመሪያ ሊጠረጠር ይገባል።

ይህም ቢሆን ሁሉን አያሳይም። ሲግል ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ዝም ይላል። በ4 ባር ዘይት የሚያሳልፍ ቀዳዳም በ1 ባር ውሃ ላያሳልፍ ይችላል። ለዚህ ነው ማቀዝቀዣው ለብቻው ወጥቶ፣ ከዘይቱ ግፊት በማያንስ አየር ይፈተን የምለው።

አሁን ጥፋቱ ቴስታታው አካባቢ ነው እንበል። ያን ጊዜ የምትጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ሞቆ የቆመ ሞተር ቴስታታ ሊጣመም ይችላል። ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተላልጎ ነበር? ቀጥ ባለ ማስመሪያና በስስ መለኪያ ምላጭ ተለክቷል? የሚፈቀደው ክፍተት እንደየሞተሩ ይለያያል፤ ነገሩ ግን በሚሊ ሜትር አሥረኛና መቶኛ ነው፣ ዓይን አያየውም። ተለክቶ ቀጥ ቢልም ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በሙቅ ውሃና በአየር ግፊት መፈተኑን ጠይቅ። «ተላልጓል» ማለት «ተፈትኗል» ማለት አይደለም። ሰው በዚህ ላይ በጣም ይሳሳታል።

ቀጥሎ ቡሎኖቹ ናቸው። ብዙ ሞተሮች ላይ የቴስታታ ቡሎን መጀመሪያ በተወሰነ ኃይል ይጠብቅና ከዚያ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ይዞራል። ሲጠብቅ እንደ ስፕሪንግ ይሳባል። አንዴ ከልክ በላይ የተሳበ ቡሎን ሁለተኛ ጊዜ እኩል አይዝም፤ ርዝመቱ ይለካል ወይም ይቀየራል። የቡሎኑ ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ቀርቶ ከነበረ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፈሳሽ አይታመቅም። ቡሎኑ ሲወርድ መውጫ ያጣው ፈሳሽ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ሳይሰነጥቀው እንኳ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቁልፍ፣ ቶርክ ሬንቹ፣ «ጠብቋል» ብሎ ያታልላል፣ ቴስታታው ግን ላላ እንደሆነ ነው። ጓርኒሲዮኑም ቢሆን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ፒስቶኑ ከብሎኩ በላይ የሚወጣበት መጠን ተለክቶ ነው የጓርኒሲዮኑ ውፍረት የሚመረጠው፤ ጠርዙ ላይ ያሉት ቅርጾች ውፍረቱን ይነግራሉ። አንተ ፒስቶን ቀይረሃል። ስለዚህ ያ ልኬት እንደገና መወሰድ ነበረበት። ሲሊኮን ተቀብቶበት ከሆነም ስህተት ነው፤ አምራቹ ካላዘዘ በስተቀር ጓርኒሲዮን በደረቁ ነው የሚገጠመው።

ከዚህ «ቴስታታው እንደገና ይጥበቅ» የሚለው ምክር ለምን እንደማይመቸኝ ይገባሃል። በዲግሪ የሚጠብቅ ቡሎንን ከሦስት ሳምንት በኋላ በግምት መጨመር ቡሎኑን መግደል ነው። ጉዳቱ የተጣመመ ቴስታታ ወይም ስንጥቅ ከሆነ ደግሞ ማጥበቅ አያቃናውም። ማሸጊያ ፈሳሹን ፈጽሞ አትጨምር። የዘይትን ግፊት አይችልም፣ የራዲያተርህን ጠባብ ቱቦዎች ግን ይደፍናል። ከዚያ ጣርማ በር ላይ የሚያሞቅህ አዲስ ምክንያት አገኘህ ማለት ነው።

ጣርማ በርን ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ ራዲያተሩ ክዳን አንድ ነገር ልበል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በ100 አይደለም። ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቴርሞስታት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ነው መከፈት የሚጀምረው። በመካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ እየው። ደህና ክዳን በ0.9 ባር ሲይዝ መፍያውን ወደ 113 ዲግሪ ያወጣዋል። ጎማው ያረጀ ክዳን ግን ይህን ሁሉ ይነጥቅሃል። ከሸዋ ሮቢት፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስተህ ጭነት ይዘህ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትወጣ ያ ልዩነት ሞተርህ ነው። መጀመሪያ ለምን ሞቀ ብሎ የጠየቀ አለ? ክዳኑና ቴርሞስታቱ ከእድሳቱ ጋር ካልተቀየሩ ዛሬውኑ ቀይራቸው።

እንግዲህ የማዝህ ይህ ነው። ሰው መጫኑን አቁም። የዘይቱን ፈተና አድርግ። ውሃ ቀድሞ ከወጣ ሞተሩን ከዚያ በኋላ አታስነሳው፤ ተጎትቶ ጋራዥ ይግባ። በብሮንዚንና በዋናው ዘንግ (ክራንክ ሻፍት) መካከል ያለው ክፍተት ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለችው ስስ ዘይት ውሃ ከገባባት አትሸከምም። ትናንት የገዛኸው ብሮንዚን በአንድ ጉዞ ሊያልቅ ይችላል።

ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ የውሃውን መንገድ ሁሉ በራዲያተር ማጠቢያ ፈሳሽ አጥበው፤ ማሞቂያውን ከፍተህ፣ ትርፍ ዕቃውን አውጥተህ። የልብስ ሳሙና አትጠቀም፣ አረፋው ራሱ ዘይት ይመስልሃል። ናፍጣም አታዙርበት፣ ማኒኮቶውን ያበላሻል። በዘይት ያበጠና የለሰለሰ ማኒኮቶ ካለ ቀይረው። ከዚያ ኩላንት እኩል ለእኩል ከንጹሕ ውሃ ጋር ሙላ። ለፈተና ብለህ ባዶ ውሃ ሞልተህ በዚህ ብርድ ውጭ እንዳታሳድረው። ውሃ ሲረጋ ወደ 9 በመቶ ይሰፋል፣ ብሎክ ይሰነጥቃል። የፈሰሰውን ኩላንት ደግሞ መሬት ላይ አትድፋው። ይጣፍጣል፣ መርዝ ነው፤ ውሻም በግም ይልሰዋል።

ከዚያ ባዶውን እስከ ጫጫ ደርሰህ ተመለስ። ወደ ደብረ ሲና አትውረድ፤ መመለሻው ዳገት ነው። ሲቀዘቅዝ ብቻ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። ይህን ሦስት አራት ቀን ደጋግመው። የሚንሳፈፈው ዘይት በየቀኑ እያነሰ ከሄደና ውሃው ካልቀነሰ የድሮው ትራፊ ነበር፣ ሥራህን ጀምር። ዘይቱ እንደገና ከበዛ መጀመሪያ ማቀዝቀዣው ይውጣና ይፈተን፣ ቀጥሎ ቋቱ ተፈትቶ በግፊት ይታይ። ቴስታታው የሚነካው ሁለቱ ነጻ ከወጡ በኋላ ነው። ስንጥቅ ከተገኘበት ደግሞ ሌላ ቴስታታ ግዛ። ብየዳ የሚሳካበት ጊዜ አለ፣ ሰው ጭኖ ያንን ዳገት ለሚወጣ መኪና ግን አልመክረውም።

ያደሰልህን ሰው በእነዚህ ፈተናዎች ሁሉ አጠገብህ አቁመው። ጥፋቱ የእሱ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። አብሮ ካየ መካድም መወንጀልም አይኖርም። የሚወጣውን ሁሉ በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ የተፈታ ጓርኒሲዮን ካለ አትጣለው፤ የተቃጠለበት ቦታ ይነበባል። የነገውን ጠዋት ፈተና ስትጨርስ ከቡሎኑ ሥር መጀመሪያ ምን ጠብ እንዳለ ጻፍልኝ።